የምን መቶኛ? ከመቶኛ ጥንቅር ወደ ንጥረ ነገር መጠን
በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የማቀርብላችሁ ርእስ በኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያ ምዕራፎች ውስጥ የሚገኝ፣ ብዙዎቻችሁም ፈተናውን ካለፋችሁ በኋላ ዘወር ብላችሁ ያላያችሁት ነው። ይኸውም የአንድ ውህድ የመቶኛ ጥንቅር ሲታወቅ፣ በተወሰነ መጠን ውህድ ውስጥ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ምን ያህል እንደሚገኝ የማስላት ጉዳይ ነው። ስሌቱ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ይህን ቀላል ነገር ለሕዝብ ገለጻ የመረጥሁት ከማባዛቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ ስላለ ነው፤ ጥያቄውም «ይህ መቶኛ የምን መቶኛ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ሲዘለል በማዳበሪያ ከረጢት፣ በምግብ ጨው ወይም በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ከእርሱ የምናወጣው መልስ የተሳሳተ ይሆናል። ይህንኑ በሦስቱ ምሳሌዎች ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ስሌቱ የቆመበት መሠረት

የመቶኛ ጥንቅር ትርጉም የሚኖረው ውህዱ የትም ቢገኝ፣ በማንም ቢሠራ ያው ጥንቅር ካለው ብቻ ነው። ይህ ዛሬ ግልጽ ይመስለናል እንጂ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ብርቱ ክርክር የተነሣበት ነበር። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዦዜፍ ፕሩስት በስፔን ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1799 ስለ መዳብ ካርቦኔት ባወጣው ጥናት፣ ከመሬት የሚወጣውም ሆነ በቤተ ሙከራ የሚዘጋጀው መዳብ ካርቦኔት በአንድ ዓይነት ምጣኔ የተሠራ መሆኑን አሳየ። የአገሩ ልጅ ክሎድ ሉዊ በርቶሌ ደግሞ ጥንቅር እንደ ዝግጅቱ ሁኔታ ሊለዋወጥ ይችላል ሲል ለዓመታት ተከራከረው። ክርክሩ በፕሩስት አሸናፊነት ተደመደመ፤ የቋሚ ምጣኔ ሕግ የምንለውም ይህ ነው። ጆን ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ የአቶም ንድፈ ሐሳቡን ሲያብራራ ሕጉ ምክንያቱን አገኘ፤ አቶሞች በሙሉ ቁጥር የሚጣመሩ ከሆነ የመጠነ ቁስ ምጣኔያቸው ቋሚ መሆኑ የግድ ነውና።

በርቶሌም ቢሆን ፈጽሞ ባዶ እጁን አልቀረም። የብረት ኦክሳይድ ዓይነት አንዳንድ ጠጣር ነገሮች የብረቱ ድርሻ ከሙሉ ቁጥር ትንሽ ጎድሎ እንደሚገኝ ዛሬ እናውቃለን። ዛሬ የምንመለከታቸው ውህዶች ግን በፕሩስት ሕግ የሚመሩ ናቸው።

አካሄዱ፤ ዩሪያን እንደ ምሳሌ

ገበሬው ሁሉ የሚያውቀውን ዩሪያ እንውሰድ። አንዱ የዩሪያ ሞለኪውል 1 የካርቦን፣ 1 የኦክስጂን፣ 2 የናይትሮጂን እና 4 የሃይድሮጂን አቶሞች አሉት። የእያንዳንዱን አቶማዊ መጠነ ቁስ በአቶሞቹ ቁጥር እናባዛ፤

ካርቦን 1 × 12.011 = 12.011
ኦክስጂን 1 × 15.999 = 15.999
ናይትሮጂን 2 × 14.007 = 28.014
ሃይድሮጂን 4 × 1.008 = 4.032

ድምሩ 60.056 ነው፤ ይህ የአንድ ሞል ዩሪያ መጠነ ቁስ በግራም መሆኑ ነው። የናይትሮጂን ድርሻ 28.014 ÷ 60.056 ሲሆን፣ በመቶ ሲባዛ 46.65 በመቶ ይወጣል። በዚሁ መንገድ ካርቦን 20.00፣ ኦክስጂን 26.64፣ ሃይድሮጂን 6.71 በመቶ ይሆናሉ። አራቱ ሲደመሩ 100 መሙላታቸውን ማረጋገጥ ከስሌቱ የማይነጠል ሥራ ነው፤ ድምሩ ካልሞላ አንድ አቶም ተረስቷል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። የንጥረ ነገሩ መጠን የሚገኘው የውህዱን መጠን በመቶኛው አባዝቶ ለ100 በማካፈል ነው። ከረጢቱ ላይ 46 በመቶ ናይትሮጂን ተብሎ ከተጻፈ፣ በ50 ኪሎ ግራም ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን አለ። ንጹሕ ዩሪያ 46.65 በመቶ መያዝ ሲገባው በከረጢቱ ላይ 46 ብቻ መጻፉ፣ በገበያ ላይ ያለው ዩሪያ ከፍጹም ንጹሕነት በጥቂቱ ዝቅ ብሎ እንደሚቀርብና አምራቹም ዋስትና የሚሰጠው በዝቅተኛው መጠን መሆኑን ያመለክታል።

ተማሪዎች «ቀሪው 54 በመቶ ምንድን ነው? አሸዋ ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከላይ ባሰላነው ውስጥ ይገኛል። ቀሪው በአብዛኛው ናይትሮጂኑን የተሸከሙት ካርቦን፣ ኦክስጂንና ሃይድሮጂን ናቸው። ናይትሮጂን ብቻውን ጋዝ ነው፤ በከረጢት አይገባም። ወደ ማሳ ሊደርስ የሚችለው ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተጣምሮ ነውና፣ 54 በመቶው የማጓጓዣው ክብደት ነው እንጂ ማጭበርበር አይደለም።

የመጀመሪያው ምሳሌ፤ በከረጢት ውስጥ የሌለው ውህድ

ለብዙ ዓመታት በአገራችን የታወቁት ማዳበሪያዎች ዳፕና ዩሪያ ነበሩ፤ ኋላ ኤን ፒ ኤስ የተባለው ማዳበሪያ የዳፕን ቦታ ያዘ። በዳፕ ከረጢት ላይ 18–46–0፣ በኤን ፒ ኤስ ላይ ደግሞ 19፣ 38 እና 7 የሚሉ ቁጥሮች ይነበባሉ። የመጀመሪያው የናይትሮጂን፣ ሁለተኛው የፎስፈረስ ነው ተብሎ በቀላሉ ይነገራል። እስኪ የዳፕን ሁለተኛ ቁጥር እንመርምር።

ዳፕ በኬሚስትሪ ስሙ ዳይአሞኒየም ፎስፌት ነው። 2 ናይትሮጂን፣ 9 ሃይድሮጂን፣ 1 ፎስፈረስ እና 4 ኦክስጂን አለው፤ የአንድ ሞል መጠነ ቁሱ 132.056 ግራም ነው። የፎስፈረስ ድርሻው 30.974 ÷ 132.056፣ ማለትም 23.46 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ ፍጹም ንጹሕ ዳፕ እንኳ ከ23.46 በመቶ በላይ ፎስፈረስ ሊይዝ አይችልም። ከረጢቱ ግን 46 ይላል። ከረጢቱ አልዋሸም፤ የምን መቶኛ እንደሆነ ያልጠየቅነው እኛ ነን።

46ቱ የፎስፈረስ ሳይሆን የፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ መቶኛ ነው፤ ይህም 2 ፎስፈረስና 5 ኦክስጂን ያለው ውህድ ነው። በከረጢቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ውህድ የለም፤ ፎስፈረሱ የሚገኘው በፎስፌት መልክ ነው። ልማዱ የመጣው የማዕድንና የአፈር ተንታኞች ውጤታቸውን በኦክሳይድ መልክ ይገልጹ ከነበረበት ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ነው። ሳይንሱ አልፎት ሄደ፤ ንግዱና ሕጉ ግን ልማዱን ይዘው ቀሩ።

ስለዚህ ሁለተኛ ስሌት ያስፈልገናል። በፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ ውስጥ የፎስፈረስ ድርሻ 61.948 ÷ 141.943፣ ማለትም 43.64 በመቶ ነው። በአንድ ኩንታል ዳፕ ውስጥ 46 × 0.4364 = 20.1 ኪሎ ግራም ፎስፈረስ አለ፤ ይህም ከ23.46 በታች በመሆኑ ሊሆን የሚችል ቁጥር ነው። በአንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ ውስጥ ደግሞ 38 × 0.4364 = 16.6 ኪሎ ግራም ይገኛል። የኤን ፒ ኤስ ሦስተኛ ቁጥር 7 ግን የሰልፈር የራሱ መቶኛ ነው፤ መለወጥ አያስፈልገውም። በአንድ ከረጢት ላይ ጎን ለጎን በተጻፉ ሦስት ቁጥሮች ውስጥ ሁለት ልማዶች አብረው ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ይህ የሚያመጣው ጉዳት ምንድን ነው? አንድ የምርምር ጽሑፍ ለሄክታር 20 ኪሎ ግራም ፎስፈረስ ይሰጥ ይላል እንበል። 38ቱን እንደ ፎስፈረስ የቆጠረ ባለሙያ 20 ÷ 0.38 ብሎ 53 ኪሎ ግራም ኤን ፒ ኤስ ያዝዛል። ማሳው የሚያገኘው 8.7 ኪሎ ግራም ፎስፈረስ ብቻ፣ ማለትም ከታሰበው ከግማሽ በታች ይሆናል። ትክክለኛው መልስ 20 ÷ 0.166፣ ወደ 120 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በተቃራኒው ምክሩ በኦክሳይድ ተሰጥቶ ሳለ እንደ ንጥረ ነገር ከተወሰደ፣ ገበሬው ከሁለት እጥፍ በላይ ማዳበሪያ ይገዛል። በሁለቱም መንገድ ዕዳው በገበሬው ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ላንሳ። በአማርኛ «ንጥረ ነገር» የሚለው ቃል በኬሚስትሪ እንደ ብረትና ኦክስጂን ያለውን መሠረታዊ ነገር ሲያመለክት፣ በግብርናና በሥነ ምግብ ደግሞ ተክል ወይም ሰውነት የሚመገበውን ሁሉ ያመለክታል። የግብርና ባለሙያው «38 በመቶ የፎስፈረስ ንጥረ ነገር» ሲልና የኬሚስትሪ ተማሪው ያንኑ ሲሰማ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ትርጉም ይሰጣል። ለዚህ መድኃኒቱ አዲስ ቃል መፍጠር ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር የውህዱን ስም አብሮ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ፤ ከንጥረ ነገሩ ወደ ውህዱ መመለስ

እስካሁን ከውህዱ ተነሥተን ወደ ንጥረ ነገሩ ሄድን። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገን ተገላቢጦሹ ነው፤ የምንፈልገው የንጥረ ነገር መጠን ይታወቃል፣ የምንመዝነው ግን ውህዱን ነው። ለዚህ የምግብ ጨው መልካም ምሳሌ ነው።

የአዮዲን እጥረት እንቅርትን ያስከትላል፤ ከዚያም የከፋው በእርግዝናና በሕፃንነት ጊዜ የአእምሮ ዕድገትን ይጎዳል። መከላከያው ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ ነው። የአገራችን ጨው በብዛት የሚመረተው በአፋር፣ በአፍዴራ ሐይቅ አካባቢ ሲሆን፣ ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ብቻውን አይደለም፤ ፖታሲየም አዮዴት የሚባለው ውህድ ነው። በሌሎች አገሮች ፖታሲየም አዮዳይድም ያገለግላል፤ አዮዴት ግን በሙቀትና በእርጥበት፣ በደንብ ባልተጣራ ጨውም ውስጥ የተሻለ ይቆያልና ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ይመረጣል።

ሁለቱ ውህዶች በስም የሚለያዩት በአንድ ፊደል ሊመስል ይችላል። በጥንቅር ግን እንዲህ ነው፤ አዮዴት 1 ፖታሲየም፣ 1 አዮዲን እና 3 ኦክስጂን ያለው በመሆኑ የአዮዲን ድርሻው 126.904 ÷ 213.999፣ ማለትም 59.30 በመቶ ነው። አዮዳይድ ኦክስጂን ስለሌለው የአዮዲን ድርሻው 126.904 ÷ 166.002፣ ማለትም 76.45 በመቶ ይሆናል።

በአንድ ኪሎ ግራም ጨው 30 ሚሊግራም አዮዲን እንዲኖር ተፈለገ እንበል። አሁን የምናደርገው ማባዛት ሳይሆን ማካፈል ነው። 30 ÷ 0.5930 = 50.6 ሚሊግራም አዮዴት ለአንድ ኪሎ፣ ወይም 50.6 ግራም ለአንድ ቶን ያስፈልጋል። በአዮዳይድ ቢሆን 39.2 ግራም ይበቃ ነበር። «30» የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዞ 30 ግራም አዮዴት በአንድ ቶን ላይ የሚረጭ ሠራተኛ ግን፣ በየኪሎው 17.8 ሚሊግራም አዮዲን ብቻ ያስገባል። ጨው ሲጓጓዝ፣ ሲከማችና ሲበሰል አዮዲኑ የሚቀንስ በመሆኑ በመነሻው ላይ የጎደለው እናት ማዕድ ቤት ሲደርስ ይበልጥ ይጎድላል። ይህ ጉድለት በዓይን አይታይም፤ በጣዕምም አይለይም። የሚያውቀው ትክክለኛ ስሌትና ትክክለኛ ምርመራ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ፤ 300 ሚሊግራም የምን?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የብረት እንክብል ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴቶች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት ከፎሊክ አሲድ ጋር እንዲወስዱ ይመክራል። ይህ የብረቱ የራሱ መጠን ነው። እንክብሉ ግን የሚሠራው ከብረት ጨዎች ነው፤ ዋነኞቹም ፌረስ ሰልፌት፣ ፌረስ ፉማሬትና ፌረስ ግሉኮኔት ናቸው።

ሰባት ሞለኪውል ውሃ ያዘለው ፌረስ ሰልፌት የአንድ ሞል መጠነ ቁሱ 278.006 ግራም ሲሆን፣ የብረት ድርሻው 55.845 ÷ 278.006፣ ማለትም 20.09 በመቶ ነው። ስለዚህ 300 ሚሊግራም እንክብል 60 ሚሊግራም ብረት ይሰጣል። ፉማሬት 32.87 በመቶ ብረት ስላለው 180 ሚሊግራሙ ወደ 59 ሚሊግራም ይሰጣል። ሁለት ሞለኪውል ውሃ ያለው ግሉኮኔት 11.58 በመቶ ብቻ በመሆኑ፣ ወደዚያው መጠን ለመድረስ 500 ሚሊግራም ይፈለግበታል። ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች፣ አንድ ዓይነት መጠን።

ውሃውንም አንርሳ። ያው ፌረስ ሰልፌት ደርቆ አንድ ሞለኪውል ውሃ ብቻ ሲቀርለት የብረት ድርሻው ከ20.09 ወደ 32.87 በመቶ ይወጣል። «ፌረስ ሰልፌት» የሚለው ስም ብቻውን ለስሌት አይበቃም፤ የውሃው ቁጥርም መታወቅ አለበት።

አሁን አስቸጋሪውን ሁኔታ እንመልከት። 12 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን የእናቱን ብልቃጥ ከፍቶ 10 እንክብል ዋጠ፤ በብልቃጡ ላይ 300 ሚሊግራም ተጽፏል። በመርዛማነት ጥናት እንደ ጠቅላላ መመሪያ፣ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ20 ሚሊግራም በታች ብረት ብዙ ጊዜ ጉልህ ምልክት አያሳይም፤ ከ20 እስከ 60 የሆድና የአንጀት ሕመም ይጠበቃል፤ ከ60 በላይ ለሕይወት አስጊ ነው። ብልቃጡ የያዘው ግሉኮኔት ከሆነ ሕፃኑ የወሰደው 347 ሚሊግራም ብረት፣ በኪሎ 29 ነው። ሰባት ውሃ ያለው ሰልፌት ከሆነ 603 ሚሊግራም፣ በኪሎ 50 ነው። ፉማሬት ከሆነ 986 ሚሊግራም፣ በኪሎ 82 ነው። እንክብሉ አሥር፣ ቁጥሩ 300፣ የሕፃኑ ክብደት 12፤ ሁሉም ያው ሆኖ ሳለ የጨው ዓይነቱ ብቻ ሕፃኑን ከአንዱ የአደጋ ደረጃ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። የውህዱን መጠን እንደ ብረት የቆጠረ ደግሞ በሦስቱም ሁኔታ 3000 ሚሊግራም፣ በኪሎ 250 ብሎ ይደነግጣል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ወላጅ ስሌት ሳይጠብቅ ልጁን ወደ ሐኪም ቤት ሊያደርስ ይገባል፤ ብልቃጡንም ይዞ መሄድ አለበት። ሐኪሙ የሚያሰላው በብልቃጡ ላይ ካለው ስም ተነሥቶ ነውና።

ከዚህ ምን እንያዝ?

ተማሪዎቼን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መቶኛ ባያችሁ ቁጥር የውህዱን ስም፣ ውሃ ካለውም የውሃውን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ወደ ንጥረ ነገሩ ስትሄዱ አባዙ፣ ወደ ውህዱ ስትመለሱ አካፍሉ፤ የውህዱ መጠን ምንጊዜም ከንጥረ ነገሩ መጠን ሊበልጥ ይገባል። ሦስተኛ፣ የንጹሑን ውህድ መቶኛ አስልታችሁ እንደ ጣሪያ ያዙት። ከጣሪያው በላይ የሆነ ቁጥር ካያችሁ ቁጥሩ የሌላ ነገር መቶኛ ነው፤ የዳፕን 46 ያጋለጠው ይኸው ጣሪያ ነበር።

የመምህራን ባልደረቦቼን ደግሞ የምለምነው፣ የፈተና ጥያቄዎቻችን «በ50 ግራም ውህድ ውስጥ ምን ያህል ንጥረ ነገር አለ?» ከሚለው አልፈው እውነተኛ ከረጢትና እውነተኛ ብልቃጥ በተማሪው እጅ እንዲያስገቡ ነው። ማባዛቱን ማሽን ይሠራዋል፤ የምን መቶኛ እንደሆነ መጠየቅ ግን የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ለቤት ሥራ አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለው ማዳበሪያ በከረጢቱ ላይ 0–0–60 የሚል ቁጥር አለው። በአንድ ኩንታል ውስጥ ስንት ኪሎ ግራም ፖታሲየም ይገኛል? 60 የሚል መልስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ በመጀመሪያ የንጹሕ ፖታሲየም ክሎራይድን ጣሪያ ያስላ፤ ከ52 በመቶ ብዙም እንደማያልፍ ያገኘዋል። ልማዱ እንደ ፎስፈረሱ ሁሉ በኦክሳይድ የሚቆጠር፣ ኦክሳይዱም 2 ፖታሲየምና 1 ኦክስጂን ያለው መሆኑን ልብ ያለ፣ መልሱ ወደ 50 ኪሎ ግራም መቅረቡን ያረጋግጣል።